ቆሻሻ የሚሆነው ሲደባለቅ ነው፦ ስለ ጎጃም ከተሞች ቆሻሻ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄን አንብበህ የተሰማህን ንገረኝ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ጸሐፊው የጎጃም ሰው ናቸው፣ ስለ ከተሞቻችንም ይቆረቆራሉ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሊቱንም ሳብሰለስለው አደርኩ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። «ቆሻሻ ሀብት ነው» የሚባለው ከውጭ የመጣ ወሬ ነው። የእኛ ከተሞች ትንንሽ ናቸው፣ ገደልም ሞልቶናል፤ መድፋትና ማቃጠል ይበቃል። ሕዝባችን ቆሻሻ የመለየት ባህል የለውም። ቢለየውም መኪናው መልሶ ይደባልቀዋል። ኮምፖስት ድካም ብቻ ነው፤ ገበሬው የሚፈልገው የፋብሪካ ማዳበሪያ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ ዕቃ ለግንባታ አይሆንም፣ ቤት ያስደረምሳል። ደህና መፍትሔ ከተባለ በየዞኑ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ፋብሪካ መትከል ነው።

እኔ ውሎዬ የግንባታ ሳይት ላይ ነው። ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ፣ አልፎ አልፎም ባሕር ዳር፣ ፎርማን ሆኜ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ከነጥቦቻቸው አንዱ በጣም እውነት ነው፣ ስደርስበት እናገራለሁ። የቀሩት ግን ከተሞቻችንን ይጎዳሉ ብዬ ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስለ ገደሉ

ጎጃም ገደል አላጣም። ግን ከገደሉ ሥር ምን አለ? ወንዝ አለ። ጨሞጋን እንውሰድ። ከጮቄ ተራራ ይነሳል፣ በደብረ ማርቆስ አጠገብ ያልፋል፣ ወርዶ ዓባይ ይገባል። መንገዱን ሁሉ ሰው ይጠቀምበታል፣ ከብት ይጠጣዋል። ክረምት ላይ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ አፋፍ ላይ የተደፋው ሁሉ ተጠርጎ ይሄዳል። የዓባይ ቀጣይ መንገድ ደግሞ ወደ ሕዳሴ ግድብ ነው። ሕዝብ ከደመወዙ እየቆረጠ፣ ቦንድ እየገዛ የሠራው ግድብ ነው። ከጮቄ የሚታጠበው አፈር መች አነሰውና ነው ሃይላንዱንና ፌስታሉን የምንጨምርበት?

ባሕር ዳርም ጭንቁ ያው ነው። ጣና እምቦጭ ከያዘው ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። እምቦጭ የሚወፍረው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው። ከእርሻና ከከተማ በጎርፍ የሚገባው ብስባሽ ለእሱ ቀለብ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ ከተማ የምግብ ትራፊውን በየቦዩ ሲጥል አረሙን እያደለበ ነው።

አንድ ነገር ላውራችሁ። አንድ ፋሲካ ከጎረቤቶቼ ጋር ቅርጫ ገባን። በሬው ቁመቱ ጥሩ ነው፣ ሥጋው ግን ሳሳ ያለ ነበር። ሻጩ «በመኖ እጥረት ነው» አለን፣ እኛም አመንን። ታርዶ ጨጓራው ሲከፈት የሰው ራስ የሚያክል የፌስታል ድቡልቡል ወጣ። ተጠምዞ እንደ ገመድ ጠብቋል። ጥቁሩ ከሰማያዊው ይለያል። አንደኛው ላይ የተቋጠረው ቋጠሮ ገና አልተፈታም ነበር። ከውስጡ የሽንኩርት ልጣጭ ይሁን ሌላ፣ አንዲት እናት ቋጥራ የጣለችውን ነገር በሬው ሽታውን ተከትሎ ከነፌስታሉ ውጦታል። አራጁ ግን አልደነቀውም። «የከተማ ዳር ከብት ሁሉ እንዲህ ነው» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

እና «ጥሎ ማቃጠል ይበቃል» ሲባል እኔ ያ በሬ ነው የሚመጣብኝ። ልጣጩ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ለበሬው ምግብ ነበር። ፌስታሉም ብቻውን ቢሆን በሬው ዞር ብሎም አያየውም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቋጠሩ ነው መርዝ የሆኑት። የዚህ ሁሉ ጽሑፌ ሐሳብ እዚያ ቋጠሮ ውስጥ አለ።

ማቃጠሉም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ሜዳ ላይ የሚነደው እሳት ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና የቧንቧ ቁራጭ በዚያ እሳት ሲቃጠሉ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይለቃሉ። ካንሰር አምጪ ነው። ሣር ላይ ያርፋል፣ ላም ትግጠዋለች፣ በወተቷ ስብ ውስጥ ይጠራቀምና ወደ ቤታችን ይመለሳል።

«ትንንሽ ከተሞች ነን» ለሚለው ደግሞ ቆሼን ላስታውስ። አዲስ አበባ ቆሻሻዋን እዚያ መድፋት ስትጀምር ቦታው የከተማ ዳር ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ ከተማው መጥቶ ከበበው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ በክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ በየዓመቱ እየሰፉ ነው። ዛሬ የከተማ ዳር የምንለው ነገ የሰው ግቢ ነው።

ስለ ባህሉ

ይሄኛው ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው እናታቸውን ቢያስታውሱ ይበቃል።

የጠላው አተላ ለላሟ ነው። እበቱ ኩበት ይሆናል። አመዱ ጓሮ ይበተናል። የማዳበሪያው ጆንያ እህል ይከተትበታል። የዘይቱ ጀሪካን ውኃ ይቀዳበታል። የቲማቲሙ ጣሳ ገበያ ላይ መስፈሪያ ነው። የአረቄው ጠርሙስ ታጥቦ ተመልሶ ይሞላል። ያለቀ ጎማ በረባሶ ሆኖ ስንት ገበሬ እግር ላይ ኖረ? አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ደግሞ አንድ ሙሉ ሰፈር በዚህ ሥራ ይተዳደራል። «ቁራሌው!» እያለ በየደጁ የሚዞረው ልጅ ብረቱን ከፕላስቲኩ የሚለየው ማንም ሳያሠለጥነው ነው።

ባህሉ አለን። የተቋረጠው ፌስታል ሲመጣ ነው። ሁሉን ባንድ ቋጥሮ መጣል ቀለለን። ሕጉም ቢሆን ገና በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ አባወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያዝዝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታሉን ራሱን ከልክሏል። እንግዲህ ዘንቢሉን ከተሰቀለበት ማውረድ ነው።

ስለ መኪናው

እውነት ያልኩት ነጥብ ይሄ ነው። በእኔም ደርሷል።

ቤታችን ሁለት ጆንያ አዘጋጅተን ነበር። አንዱ እርጥቡ፣ አንዱ ደረቁ። ልጆቼ ጉዳዩን እንደ ጨዋታ ያዙት፣ ሲሳሳቱም እርስ በርስ ይካሰሳሉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪናው መጣ። ልጄ ሁለቱንም ጆንያ እየጎተተ ይዞ ወጣ። ሰብሳቢዋ ሁለቱንም ተቀብላ አንድ ላይ ዘረገፈቻቸው። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «አባ፣ ታዲያ ለምን ለየነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ሴትዮዋን መውቀስ አልፈልግም። ጓንት እንኳ አልነበራትም። መኪናው ያለው አንድ ገንዳ ነው፤ ወዴት ትለየው? ጸሐፊው በዚህ ተናደው ከሆነ ከጎናቸው ነኝ።

ግን ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ መለየት ከንቱ ነው» ማለታቸው ላይ እንለያያለን። እኔ የደረስኩበት ሌላ ነው። እርጥቡ መጀመሪያውኑ መኪናው ላይ መውጣት የለበትም። ከቤት የሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ እርጥብና የሚበሰብስ ነው። ክብደቱ እሱ ነው፣ ሽታውም ዝንቡም እሱ ነው። እሱ ጓሮ ከቀረ የሚተርፈው ደረቁ ነው። ደረቅ ነገር አይሸትም። መኪናው ሳምንት ቢዘገይ፣ ናፍጣ ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ቢቀር ምንም አይሆንም፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ግማሹንም መኪናው ሳይደርስ ቁራሌው ይወስደዋል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ይሄን ማድረግ ይቸግረዋል። ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ሞጣ፣ ዳንግላ ያለው ሰው ግን አብዛኛው ጓሮ አለው። ትንሽ ከተማ መሆን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ትንሽነታችንን ላለመሥራት ምክንያት አደረጉት፤ ለእኔ ለመሥራት የሚያመች ነገር ነው።

ስለ ኮምፖስት

ጸሐፊው ገበሬው ኮምፖስት አይፈልግም ይላሉ። የከተማ ኮምፖስት ቀርቦለት «አልፈልግም» ያለ ገበሬ እኔም አውቃለሁ። ምክንያቱን ጠየቅኩት። እፍኝ አንስቶ አሳየኝ። ምላጭ አለበት። የጠርሙስ ስባሪ አለበት። የባትሪ ድንጋይ አለበት። «በባዶ እግሬ ነው የምሄደው» አለኝ። ምን ይባላል? ገበሬው የጠላው ኮምፖስቱን አይደለም፣ ድብልቁን ነው።

ሒሳቡንም በሐቅ እንሥራው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ጥሩ ኮምፖስት በኩንታል አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ቢኖረው ነው። ያንድ ኩንታል ዩሪያን ያህል ለማግኘት 30 ኩንታል ኮምፖስት ያስፈልጋል፣ እሱም በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም አይለቅም። ስለዚህ ኮምፖስት ዩሪያን ሙሉ በሙሉ ይተካል የሚል ሰው ገበሬውን እያታለለ ነው። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ያልተናገሩት ግን የጎጃም መሬት ችግር የናይትሮጅን ብቻ አለመሆኑን ነው። የምዕራብ ጎጃም፣ የአዊና የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ብዙው አሲዳማ ነው። አሲዳማ አፈር ላይ የተጨመረ ፎስፈረስ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ይጣበቅና ለሰብሉ አይደርስም። ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። እንጅባራ አካባቢ፣ ፋግታ ለኮማ ላይ፣ ስንቱ ገበሬ መሬቱ እህል አልሰጥ ሲለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ ወደ ከሰል ገባ? ለዚህ አፈር ዋናው መድኃኒት ኖራ ነው። ኮምፖስት ደግሞ አሉሚኒየሙን ይይዝለታል፣ ፎስፈረሱን ያስለቅቅለታል፣ ውኃም ያቆይለታል። ኮምፖስት የተጨመረበት መሬት የገዛነውን ማዳበሪያ በደንብ ይጠቀምበታል። ጸሐፊው ሁለቱን እንደ ባላንጣ አቆሟቸው እንጂ የሚደጋገፉ ናቸው።

አመድም አለ። በእንጨትና በኩበት የሚያበስል ቤት በየቀኑ አመድ ያወጣል። ቆሻሻችንን ከሚያከብደው ነገር አንዱ እሱ ነው። አመድ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ለአሲዳማ መሬት የሚሆን መድኃኒት በየቀኑ ገንዳ ውስጥ እየደፋን፣ ኖራ በመኪና ከሩቅ እናስጭናለን። ያሳዝናል።

አሠራሩን ለማያውቅ ልንገረው፣ ውድ ነገር የለውም። ውኃ የማይተኛበት፣ ጥላ ያለው ቦታ ይመረጣል። ከሥር የአገዳ ወይም የጭራሮ ንጣፍ ይደረጋል፣ አየር እንዲገባ። ከዚያ ደረቁን፣ ጭድና ቅጠሉን፣ ወፈር አድርጎ፤ እርጥቡን፣ ልጣጩንና የተረፈውን ምግብ፣ ሳሳ አድርጎ፤ ትንሽ እበትና አፈር። አመዱን በስሱ ብቻ ነስነስ ማድረግ ነው፤ ሲበዛ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይበናል። እንዲህ እየተደራረበ ወገብ ድረስ ሲደርስ ይሸፈናል። በሦስተኛ በአራተኛ ቀን አንድ ፌሮ (የግንባታ ብረት) መሐሉ ሰክቶ ቆይቶ ማውጣት ነው። ጫፉ ለእጅ የሚያቃጥል ከሆነ ሥራው ተጀምሯል፤ ውስጡ እስከ 60 ዲግሪ ይደርሳል። የአረሙ ዘርና ብዙው በሽታ አምጪ ተሐዋሲ በዚያ ሙቀት ይሞታል። እፍኝ ጨብጦ መጭመቅም ሌላው መለኪያ ነው። በጣት መሐል አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ረጥቧል፣ ጭድ ይጨመር። ከተበተነ ደርቋል፣ ውኃ ይርከፍከፍ። በየሁለት ሳምንቱ ይገለበጣል። ሦስት ወር ይበቃዋል፣ እንደ ጮቄ ሥር ያለው ብርድ ቦታ ሲሆን ይዘገያል። ከሸተተ አየር አንሶታል ማለት ነው፣ መገልበጥ ብቻ ነው።

ስለ ግንባታው

አሁን ወደ ራሴ ሙያ መጣሁ። ጸሐፊው ስለ ቤት ቆሻሻ ብዙ ሲሉ ስለ ሳይት ቆሻሻ ያሉት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ያም የሚያስፈራራ አንቀጽ። «አሮጌ ዕቃ ቤት ያስደረምሳል» የሚል።

የሚያስፈራውን ላስቀድም። የተጣመመ ፌሮ ተቃንቶ ኮለን (ምሰሶ) ውስጥ አይገባም። ብረት ተጣሞ ሲቃና ጉልበቱን ያጣል፣ አንዳንዴም ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይይዛል። ከፈረሰ ኮንክሪት የተሰበረ ጠጠር ለኮለን፣ ለቢም (አግዳሚ ተሸካሚ)፣ ለሶሌታ (የፎቅ ወለል) አይሆንም፤ ውኃ ይጠጣል፣ ጥንካሬውም አይታወቅም። አሮጌው የኤተርኒት ጣሪያ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ነገር ስላለበት ጭራሽ መሰበርም መቆረጥም የለበትም። ምስጥ የበላው ባሕር ዛፍ ማገዶ ነው። ቤት የሚሸከመው ነገር ላይ ቀልድ የለም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

ግን ቤት የሚሸከመው ብቻ ነው እንዴ ያለው? የወለል ሥር አለ። የግቢ መግቢያ አለ። አጥር አለ፣ ማድ ቤት አለ፣ የዘበኛ ቤት አለ፣ የውኃ መውረጃ አለ። ንጹሕ የብሎኬት ስባሪና የኮንክሪት ፍርካሽ በደንብ ተደልድሎ ሲጠቀጠቅ ለእግረኛ መንገድና ለግቢ መሙያ ከገረጋንቲ ጋር ይሄዳል። ንጹሕ ያልኩት በምክንያት ነው። አፈር፣ እንጨት፣ ፌስታልና ጂፕሰም ከተቀላቀለበት በኋላ ይሰምጣል፣ ይቦረቦራል። ያው ቋጠሮ ነው፣ ሳይት ላይም ተከተለን።

የአንድ አሮጌ ጭቃ ቤት ማፍረስ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለቤቷ አሮጊት ናቸው፣ ልጆቻቸው ብሎኬት ቤት ሊሠሩላቸው ነው። የቀን ሠራተኞቹ ገፍተው ሊጥሉት ሲሉ እማማ ከደጃፉ ተነስተው ቆሙ። «እኔ ስሠራው እንጨት በእንጨት ነው የሠራሁት፤ ስታፈርሱትም እንደዚያ አድርጉት» አሉን። ፎርማን ነኝና ጊዜ ይቆጥርብኛል። ሆኖም እሺ አልን።

መጀመሪያ ቆርቆሮው ወረደ። ሚስማሩ አንድ በአንድ ተነቅሎ በጣሳ ተጠራቀመ። ቀጥሎ ግድግዳው ተላጠ። ጭቃው ሲወርድ ከውስጡ የቆመው እንጨት ታየ። ሰባቱ ጽድ፣ አራቱ ወይራ። ስንት ዓመት መሬት ውስጥ የቆመው የወይራው እግር በመጥረቢያ ሲመታ እንደ ብረት ጮኸ። ዛሬ ያንን እንጨት ከየት ይገዙታል? የእማማ ማድ ቤት የቆመው በእነዚያ ነው። ጭቃው እንደገና ውኃ ገባበት፣ አዲስ የጤፍ ጭድ ተጨመረበት፣ ተረግጦ ቦክቶ ሰነበተና የማድ ቤቱ ግድግዳ ሆነ። ጭቃ ደግነቱ ይሄ ነው፤ መቶ ጊዜ ቢፈርስ መቶ ጊዜ ይቦካል። ቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ስላለው ለጣሪያ አልታመነም፣ ለአጥር ሆነ። በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ቤት የተጣለው አንድ ጋሪ አይሞላም ነበር። ከሁለት ቀን በላይ የጨመርነው ጊዜ የለም።

አዲስ ሥራ ላይ ደግሞ ትልቁ ቆሻሻ የሚፈጠረው መጋዝ ከመነሳቱ በፊት ነው። ፌሮ 12 ሜትር ሆኖ ነው የሚመጣው። 5 ሜትር ቁራጭ ያስፈልገናል እንበል። ፌራዮው (ብረት ሠራተኛው) ሳያሰላ ሁለት ይቆርጥና 2 ሜትር ይጥላል። ያ 2 ሜትር ክረምት ሲመጣ ዝጎ ጥግ ላይ ይቀራል። ነገር ግን 1 ሜትር ከ50 ለሆነ መስኮት ከላዩ የሚያርፈው ቢም ግራና ቀኝ 25 ሳንቲም ሲጨመርለት ልክ 2 ሜትር ነው። ዕቃው አዲስ ነው፣ አልተጣመመም፣ መለኪያው ይስማማል። የሚያስፈልገው ከመቁረጥ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሙሉውን ርዝመት ጽፎ ማሰላሰል ብቻ ነው። እኔ ለፌራዮዎቼ «መቁረጫ ከማንሳታችሁ በፊት እርሳስ አንሱ» እላቸዋለሁ። በሳይቱ መጨረሻ የሚተርፈው ከአንድ ክንድ በታች ያለው ቁርጥራጭ ነው። እሱም በኪሎ ይሸጣል፣ ቀልጦ እንደገና ፌሮ ይሆናል።

ቤቶኔራ (የአርማታ ማደባለቂያ) ውስጥ የሚተርፈውን አርማታም እንዲሁ። ብዙ ሳይት ላይ ወደ ቱቦ ይደፋል። ቱቦው ተደፈነ፣ ጎርፉ የሰው ቤት ገባ። እኛ ጥግ ላይ ከአሮጌ ጣውላ የሠራናቸው ትንንሽ ቅርጾች አሉ፣ ትርፉን እዚያ እንሞላለን። የቱቦ ክዳንና የመርገጫ ድንጋይ ይወጣዋል። ሲሚንቶ ሲመረት በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶውን ይወስዳል ይባላል። ለእኔ ከዚያ በፊት የሚታየኝ የአንድ ኩንታል ዋጋ ነው። በዚህ ኑሮ ማን ሲሚንቶ ወደ ቱቦ ይደፋል?

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ላክል። ፕላስቲክን በበርሜል አቅልጦ ከአሸዋ ጋር እየቀላቀሉ ንጣፍ መሥራት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በዝተዋል። ወጣቶቻችን ያለ ጭንብል፣ ጭሱን እየማጉ ይሞክሩታል። እባካችሁ ተዉት። አዲስ አበባ ኩቢክ የሚባለው ድርጅት ከፕላስቲክ ቆሻሻ የግድግዳ ዕቃ ያመርታል፣ እሱ ግን በፋብሪካ ነው። በጓሮ በርሜል የሚሠራ አይደለም። የእኛ ድርሻ ፕላስቲኩን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መለየት ነው።

ስለ ማቃጠያው ፋብሪካ

ጸሐፊው የአዲስ አበባውን ረጲ በምሳሌ ያነሳሉ። የረጲው ማመንጫ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ነው የተሠራው። ሚሊዮኖች ለሚኖሩበት ከተማ ማለት ነው። ለእሱ እንኳ የቆሻሻው እርጥበት ትልቅ ፈተና ሆኖበታል።

አሁን ወደ እኛ። የዓለም ባንክ ለእንዲህ ዓይነት ማቃጠያ ያወጣው መመሪያ በዓመት ከ50,000 ቶን በታች ላለው ቦታ አይመክረውም። የቆሻሻው የሙቀት ኃይልም በአማካይ በኪሎ 7 ሜጋጁል መድረስ አለበት ይላል። 150 ሺህ ሰው ያለበት ከተማ እንውሰድ። እያንዳንዱ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ይጥላል ብለን እናብዛው። በቀን 75 ቶን፣ በዓመት 27 ሺህ ቶን ገደማ ነው። አንዲቷም ሳትቀር ብትሰበሰብ መመሪያው ከሚለው ግማሹን ትንሽ ብታልፍ ነው። ያም ቢሆን ልጣጭ፣ አፈርና አመድ የበዛበት ነው። የድንች ልጣጭ አብዛኛው ውኃ ነው። እሱን ለማቃጠል መጀመሪያ ውኃውን ማፍላት አለብህ። አመድ ደግሞ አንዴ የተቃጠለ ነው፣ ምኑ ይቃጠላል? አገራችን «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የምትለው ይሄንን ነው።

እርግጥ ደረቁና የሚነደው፣ ቁራሌው የማይወስደው ዓይነት ቁርጥራጭ፣ ተለይቶ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ማቃጠያ ሊሆን ይችላል። በሌላ አገር ይሠራበታል፣ ደጀን ላይም የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። ይህን ሐሳብ ጸሐፊው ቢያነሱት ደስ ይለኝ ነበር። ፋብሪካው ግን እርጥብና ድብልቅ አይቀበልም። በየት በኩል ብንዞር መለየቱ አይቀርልንም።

ከፋብሪካው በፊት ለከተሞቻችን ሁለት ነገር እመኛለሁ። አንደኛው፣ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ «ፍርስራሹን የት ታደርሰዋለህ?» የሚል አንድ ጥያቄ አብሮ ይጠየቅ። ሁለተኛው፣ በየከተማው አንድ የታጠረ ቦታ ይኑር። የተረፈው ብሎኬት፣ ጣውላ፣ ቆርቆሮ፣ ጠጠር ለየብቻ ይደርደር። የሚጥል ይጣል፣ የሚፈልግ በትንሽ ዋጋ ይውሰድ። ሥራ ለሌላቸው ወጣቶች ተደራጅተው የሚይዙት ሥራ ነው። እኔ የማውቃቸው ፎርማኖች ብቻ ቦታውን በሳምንት ይሞሉታል።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበቡ አንድ ግብዣ አለኝ። ደብረ ማርቆስ ሲመጡ ቤት ይምጡ። ከጓሮ በሰኔ የከመርነው አለ። ያ «ለምን ለየነው» ያለኝ ልጅ ነው በየሁለት ሳምንቱ የሚገለብጠው፤ ፌሮውን ሰክቶ እያወጣ ሙቀቱን በእጁ ይለካል። ለመስቀል ይደርሳል። አብረን እንከፍተዋለን፣ ከዚያም ጎመኑ ሥር እንበትነዋለን።